ሲባጎው ይበጠስ

ጋሼ መክተፊያውን ሞርሳ ላይ አሰሩና በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጫር አደረጉት። ቀጭን መስመር ቀረበት። «ለስላሳ ነው፤ ቀለም አይጭርም» አሉና የብረት መጋዙን አነሡ። ከግማሽ ሰዓት በፊት ከሱፐርማርኬት የገዛሁት ነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ነው፤ ሽንኩርት እንኳ አልነካውም። መጋዙ በሄደ በመጣ ቁጥር ፍርፋሪው እንደ አይብ ጠረጴዛው ላይ ይረግፋል። 6 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት ቁራጭ ስትወድቅ አንሥተው ሰጡኝ።

«ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሺያት። እጅሽን ከቆረጠች ሸራውንም ትቆርጣለች።»

ይህች ቁራጭ ማያያዣ ልትሆን ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ ትንሽ ስፖርት መኪና አለችኝ፤ ጣሪያዋን አጥፌ ሳቆማት ወንበሮቿንና መሪዋን የምሸፍንበት ሸራ ጀምረናል። ሸራው በነፋስ እንዳይነሣ፣ እየተንከላወሰ ቀለሟን እንዳይፍቅ፣ ሲያስፈልግ ግን በአንድ ደቂቃ ተነቅሎ ከወንበር ጀርባ እንዲገባ የሚያደርጉ ስድስት ትናንሽ መያዣዎች ያስፈልጉታል። ሸራውን ቆርጦ መስፋት አንድ ከሰዓት በኋላ ወሰደብን። ስድስቱ መያዣዎች አራት ቅዳሜ ፈጁ።

የጋሼ ሱቅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ነው። የመኪና ወንበር ያለብሳሉ፤ የምግብ ቤት ሶፋ ይጠግናሉ፤ በበጋ ደግሞ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር የጀልባ ትራስ ይመጣላቸዋል። ወደዚህ አገር ከመምጣታቸው በፊት መርካቶ ውስጥ የጭነት መኪና ሸራ ይሰፉ ነበር፤ ያኔ የጭነት መኪና ሲባል ፊያት ኤንትሬ ነው። መጀመሪያ የሄድኩት የተሰነጠቀ ወንበሬን ላስጠግን ነበር። ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱና «ምን ሰነጠቀው?» አሉኝ። ፀሐይ ነው አልኳቸው። «ታዲያ መጀመሪያ ጥላ እንሥራላት፤ ወንበሩ ይደርሳል።»

መኪናዬ የ1996 ማዝዳ ሚያታ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሚያታ የተፀነሰችው ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ከማዝዳው ኬንኢቺ ያማሞቶ ጋር ተገናኝቶ፣ እንግሊዞች ይሠሩት የነበረውን ዓይነት ቀላል፣ ክፍት፣ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ሥሩ ባለ ጊዜ ነው። በዚያው ሰሞን እንግሊዞቹ ሥራውን እየተዉት ነበር፤ አቢንግደን ከተማ የነበረው የኤምጂ ፋብሪካ በ1980 ተዘጋ። ሚያታ በፌብሩዋሪ 1989 በቺካጎ የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ታየች፤ በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተመረተች። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ለአንድ ነገር ስል ነው። መኪናዬ የእንግሊዞቹን ጠባይ ወርሳለች፤ እነሱ በመኪኖቻቸው ገላ ላይ ይተክሏቸው የነበሩትን የሸራ ቁልፎች ግን አልወረሰችም። ከፊት መስታወቷ ሥርም ሆነ በበሮቿ ዙሪያ ሸራ የሚታሰርበት አንድም ነገር የለም።

ጣሪያውን ለምን አትዘጊውም የሚለኝ ብዙ ነው። ጣሪያው እንዲህ እንደ ጃንጥላ የሚከፈትና የሚዘጋ ይመስላል፤ በዚህ ዓይነት ሚያታ ግን የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ነው። ጣሪያውን ከማጠፍ በፊት የመስኮቱን ዚፕ ከፍቶ በጥንቃቄ ማስተኛት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ፕላስቲኩ ይጨማደዳል፣ ብርድ ከሆነ ደግሞ ይሰነጠቃል። ምሳ ለመብላት ለአንድ ሰዓት ባቆምኩ ቁጥር ጣሪያ መዝጋትና መክፈት ጣሪያውን ማስረጀት ነው። ክፍቱን ብተዋት ደግሞ የዋሽንግተን አካባቢ የሐምሌ ፀሐይ ጥቁሩን ዳሽቦርድ ያቃጥለዋል፤ ከሰዓት በኋላም ሳይታሰብ ዝናብ ይወርዳል። መሃሉ ሸራ ነው።

ይህ ሸራ ከመኪና ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያለው ነገር ነው። በብዙ አገር ቶኖ ይባላል፤ በፈረንሳይኛ በርሜል ማለት ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የነበሩ ብዙ መኪኖች የኋላ መቀመጫቸው እንደ ግማሽ በርሜል የተጠማዘዘ ነበር፤ የዚያ ክፍል ስም ቶኖ ሆነ። ከኋላ ሰው በማይኖርበት ጊዜ አቧራና ዝናብ እንዳይገባ ሸራ ይለብስ ነበር። ዘመን ሲለወጥ በርሜሉ ቀረ፤ ስሙ ወደ ልብሱ ዞረ። በኋላ የመጡት የእንግሊዝ ክፍት መኪኖች፣ ለምሳሌ ከ1962 እስከ 1980 የተሠራችው ኤምጂቢ፣ መሃሉ ላይ ዚፕ ያለው ቶኖ ነበራቸው። ብቻውን የሚነዳ ሰው በራሱ በኩል ያለውን ግማሽ ከፍቶ፣ የጎኑን ወንበር ከነሽፋኑ ትቶ መሄድ ይችላል። በብርድ ቀን እግሩ ሥር የሚሰበሰበውን የሞተር ሙቀት ስለሚይዝለት፣ ክፍት መኪና ውስጥ ብርድ ልብስ የደረበ ያህል ነው።

ጋሼ አንድ የቆርቆሮ ሳጥን አላቸው፤ ከአሮጌ ሽፋኖች የነቀሏቸው ቁልፎች የተጠራቀሙበት። ጠረጴዛው ላይ ገለበጡትና አንድ በአንድ እያነሡ አሳዩኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የሸራ ቁልፍ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ ተጭነው ጠቅ የሚያደርጉት። በጃኬት ላይ ያለው ዓይነት ነው፤ ሄሪበርት ባወር የተባለ ጀርመናዊ በ1885 የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። ርካሽ ነው፣ ይሠራል፤ ነገር ግን ከየትኛውም ወገን ቢጎተት ይከፈታል። ነፋስ የሸራውን ጠርዝ አንዴ ካነሣ ተራ በተራ ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ይለቃል። ቀጥሎ የሚዞረው ነው፦ ሞላላ የብረት ቀዳዳ በሞላላ አናት ላይ ይገባና አናቱ በጣት ሲዞር ይቆለፋል። ይህ አይከዳም፤ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ግን ልብስና ቦርሳ ይይዛል። ከዚያ ጀርመን ሠራሽ የሆነው ቴናክስ፤ አናቱን በሁለት ጣት ወደ ላይ ሲስቡት ብቻ የሚለቅ፣ ሸራው ሲጎተት ግን ይበልጥ የሚነክስ።

ጋሼ መጨረሻ ያነሡት የሚወዱት ነው። «ይሄን እይው» አሉ። በአንድ ጎኑ ላይ ትንሽ ነጥብ የተነቀሰችበት ጠፍጣፋ የናስ ቁልፍ። በእንግሊዝኛ ሊፍት ዘ ዶት ይባላል፤ ነጥቡን አንሣ እንደ ማለት። ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ የነበረው የካር ኩባንያ ያወጣው ነው። ውስጡ ያለች የብረት ጠፍር ቁልፉ የሚቀመጥበትን ሚስማር አንገት ታንቃለች፤ በሦስቱ ጎን ቢስቡት፣ ቢታገሉት ንቅንቅ አይልም። ነጥቡ ባለበት ጎን ግን አንድ ጣት ሲያነሣው ወዲያው ይለቃል። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ብዙ የአሜሪካ ወታደር የጥይት ኪሶች የሚዘጉት በዚህ ቁልፍ ነበር፤ በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የኛው ቃኘው ሻለቃም የታጠቀው የአሜሪካን ትጥቅ ስለነበር፣ ይህችው ነጥብ በብዙ ኢትዮጵያዊ ወገብ ላይ ሳትኖር አልቀረችም። ለወታደር እንዲሁም ለክፍት መኪና የሚያስፈልገው አንድ ነው፦ ሲሮጥ የማይከፈት፣ ሲፈለግ የሚከፈት።

እኔ ቁልፉን በእጄ እያገላበጥኩ «ይህን እንትከልላት» አልኩ። ጋሼ ዝም አሉ። ከዚያ ቁልፉ የሚቀመጥበትን ሚስማር አንሥተው ሹል ጫፉን ጠቆሙኝ። «ይሄ የት ይገባል?» መኪናው ውስጥ። «በምን?» በትራፓኖ ቀዳዳ።

ሁሉም ነገር የዞረው እዚህ ላይ ነው። ቁልፍ ሁለት ግማሽ አለው። አንዱ ሸራው ላይ ይሰፋል፣ ከሸራው ጋር ይሄዳል፣ ሲያረጅ ይጣላል። ሌላው የመኪናው ገላ ላይ ይቀራል። ያንን ለመትከል ላሜራው ይበሳል፤ የተበሳው ቦታ ላይ ቀለሙና ከቀለሙ ሥር ያለው መከላከያ ይጠፋል፤ ራቁቱን የቀረው ብረት ዙሪያ ውኃ ይቀመጣል። እዚህ አገር ደግሞ በክረምት መንገዱ ላይ የበረዶ ማቅለጫ ጨው ይበተናል። የቁልፉ ብረት ከመኪናው ብረት የተለየ ሲሆን፣ ናስ ከላሜራ ወይም የማይዝግ ብረት ከአሉሚኒየም ጋር ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል የገባው ጨዋማ ውኃ እንደ ባትሪ ይሠራና ደካማውን ብረት ይበላዋል። በአሮጌ የእንግሊዝ መኪኖች ላይ ዝገት ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ የሸራ ቁልፍ ዙሪያ የሆነው ለዚህ ነው።

የተሻለ መንገድም አለ። ገላው ላይ ሹል ሚስማር በመትከል ፋንታ ጥርስ ያለው እጅጌ ይቀበራል፤ ብሎን እንደሚቀበል ዳዶ ማለት ነው። ሸራው በማያስፈልግበት ጊዜ ቁልፉ በካቻቢቴ ተፈትቶ ይወጣል፤ ላሜራው ላይ የሚቀረው አንዲት ጠፍጣፋ ቀለበት ብቻ ነው። ይህን ከአንድ ወገን ብቻ የሚጠብቅ የሚቀበር ዳዶ በ1930ዎቹ ያወጣው የጎማው ኩባንያ ቢ ኤፍ ጉድሪች ነው፤ ያወጣውም ለአውሮፕላን ነበር። በአውሮፕላን ክንፍ ፊት ላይ በረዶ እንዳይጋገር የሚለጠፍ የጎማ ልብስ አለ፤ ከክንፉ ጀርባ እጅ ማስገባት አይቻልምና በፊት ለፊት ብቻ የሚታሰር ነገር አስፈለገ። ልብስን በነፋስ ፊት ማሰር፣ ግን መልሶ ማውለቅ። የኛም ጥያቄ ያው ነው።

ለአዲስ የፋይበር ጀልባ ቢሆን እኔም በዚህ እስማማ ነበር። ለዚህች መኪና ግን አልተስማማሁም፤ አሁንም አልስማማም። የ1996 ቀለሟ ገና ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ሸራ የአራትና የአምስት ዓመት እንግዳ ነው፤ ቀዳዳ ግን የዕድሜ ልክ ነው። ነገ መኪናዋ ሌላ ሰው ጋ ብትሄድ፣ ያ ሰው ሸራ የማይፈልግ ቢሆን፣ የኔ ስድስት ቀዳዳ ዕዳ ሆኖበት ይኖራል። ስለዚህ ሕግ አወጣን፦ ሁለቱም የማያያዣው ግማሾች ከሸራው ጋር ይመጣሉ፣ ከሸራው ጋር ይሄዳሉ። መኪናዋ ላይ ምንም አይበሳም፣ ምንም አይለጠፍም።

የመጀመሪያው ሐሳቤ ማግኔት ነበር። ኒዮዲሚየም የሚባሉት ብርቱ ማግኔቶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓንና በአሜሪካ በየፊናው የተገኙ ናቸው፤ የሳንቲም ያህሉ ኪሎዎች ይሸከማል። አራት ገዝቼ ሸራው ጠርዝ ውስጥ ሰፋኋቸው። መጀመሪያ የፊት ኮፈኑ ላይ ሳስቀምጠው ተንሸራቶ ወደቀ፤ የዚህች መኪና የፊት ኮፈን አሉሚኒየም መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። በሮቹ ብረት ናቸው፤ እዚያ ያዘ። ግን ማግኔት ወደ ላይ ሲስቡት እንጂ ወደ ጎን ሲገፉት አይበረታም፤ ነፋሱ ደግሞ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። ሸራው በተንሸራተተ ቁጥር ከማግኔቱ ሥር የተያዘው አቧራ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ የፀጉር ያህል ቀጭን ቅስት አየሁ። ማግኔቶቹን በዚያው ቀን ፈታኋቸው።

ቬልክሮንም አስበን ነበር። ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1941 ከውሻው ፀጉር ላይ ተጣባቂ ፍሬ ሲለቅም ያገኘው ነገር ነው፤ እኛ ጭጎጎት የምንለውን ዓይነት ማለት ነው። ጭጎጎት በብዙ ትናንሽ መንጠቆ ይይዛል፤ ቬልክሮም እንዲሁ። ግን አንደኛው ወገን መኪናዋ ላይ መለጠፍ አለበት፤ ሕጋችንን ያፈርሳል። ተውነው።

ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ጋሼ የስፌት ማሽናቸውን አጥፍተው ቡና አቀረቡና ስለ ኤንትሬ አወሩኝ።

«ጭነት ስታለብሺ» አሉ፣ «ሸራ በመሃሉ ተቀዶ አያውቅም። የሚቀደደው ቀዳዳው ላይ ነው። ገመድ የሚገባበት የናስ ዓይን አለ አይደል? ነፋሱ ሸራውን እንደ ከበሮ ይመታዋል፤ ገመዱ አይለቅም፤ ሸራው አይለቅም፤ መጨረሻ ላይ ዓይኑ ተገንጥሎ ይወጣል። አንዴ አንድ ዓይን ከወጣ እስከ ጫፍ ይተረተራል። አሰብ መንገድ ላይ ስንቱን አይቻለሁ።»

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የጥጥ ሸራ ውኃ ሲጠጣ ክሩ ያብጥና ጨርቁ ይከርራል፤ የቃጫ ገመድም እንዲሁ። በደረቁ በደንብ ያጠበቀው ረዳት ዝናብ ሲጀምር ወርዶ ማላላት አለበት፤ ከተኛ ወይ ገመዱ ወይ ዓይኑ ይሄዳል።

«ታዲያ ምን ታደርጉ ነበር?»

«ብልህ የሆነው ዓይኑንና ገመዱን በቀጥታ አያያይዝም። በመሃል ሲባጎ ያስገባል፤ አጠር ያለች፣ ቀጠን ያለች። ከባድ ነገር ሲመጣ ሲባጎው ይበጠሳል፤ ሸራው ይተርፋል። ሲባጎ በሳንቲም ነው፤ ሸራ በስንት!»

ይህን ሲናገሩ ሲኒው እጄ ላይ እንዳለ ቀረ። እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳስብ የነበረው የማይለቅ ነገር ስለመሥራት ብቻ ነበር። መያዣው የት ላይ እንደሚሸነፍ አስቀድሞ መወሰን እንዳለበት፣ ያንን ካልወሰንኩለት ነፋሱ ራሱ እንደሚወስንልኝ አላሰብኩም።

አሠራራችን በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። መኪናዋ ራሷ የሚይዙ ቦታዎች አሏት። ጣሪያው ሲዘጋ ከፊት መስታወቱ ማዕቀፍ ላይ በሁለት መቆለፊያ ይነክሳል፤ ጣሪያው ሲታጠፍ የመቆለፊያዎቹ ጎሬዎች ባዶ ይቀራሉ። ሁለቱ የፊት መያዣዎች እነዚያ ላይ ይገባሉ። የበሩ የኋላ ጠርዝ ከገላው ጋር የሚገናኝበት ክፍተት አለ፤ ከብዕር የቀጠነ ነው፣ ከውስጥ ግን ይሰፋል። በየበሩ አንድ። የኋላ ኮፈኑ ሲዘጋ ጠርዙ ሥር የውኃ መውረጃ ቦይ አለ፤ እዚያ ሁለት። ስድስት።

የበሩና የኋላው አራቱ መያዣዎች ከመክተፊያው የወጡት ቁራጮች ናቸው። እያንዳንዷ መሃሏ ላይ ጥብጣብ የሚያልፍበት ቀጭን ስንጥቅ አላት፤ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የፖሊስተር ጥብጣብ ይገባባትና ተጠምዝዞ ይሰፋል። በሩን ከፍቶ ቁራጯን ወደ ውስጥ ማስገባት፣ ጥብጣቡን በክፍተቱ አሳልፎ በሩን መዝጋት። ጥብጣቡ እንደ ጥፍር ቀጭን ስለሆነ የበሩን ጎማ አይጎዳም፤ ቁራጯ ግን ከክፍተቱ ስለምትሰፋ ተመልሳ አትወጣም። መቆለፊያው በሩ ራሱ ነው። የመክተፊያው ፕላስቲክ ውኃ አይጠጣም፣ በመጋዝ ይታዘዛል፣ ከመኪና ቀለም የለሰለሰ ነው። ጥብጣቡና ክሩ ናይለን ያልሆኑትም ለምክንያት ነው፤ ናይለን ፀሐይ ቶሎ ያደክመዋል፣ ፖሊስተር ይሻላል። ሸራው ደግሞ ቀለሙ ክሩ ሳይፈተል በፊት ከተነከረ አክሪሊክ የተሠራ ነው፤ የጀልባና የበረንዳ ጥላ የሚሠራበት፣ ከ1961 ጀምሮ ሳንብሬላ በሚል ስም የሚታወቀው ዓይነት። ፀሐይ ላይ ቀለሙ አይሄድም፤ ዝናብ ሲመታው እንደ ጥጥ አይከርርም።

ለፊት ጎሬዎች ግን መክተፊያው አልሆነም። መጀመሪያ ከዚያው ቆርጠን መንጠቆ ሠራን፤ ያምራል። አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ ተወጥሮ ከቆየ በኋላ ሳየው መንጠቆው ቀስ ብሎ ተዘርግቷል፤ አልተሰበረም፣ ተለጠጠ። ይህ ፕላስቲክ በሙቀት ውስጥ ያለማቋረጥ ከተሳበ ይፈስሳል። ጋሼ 4 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ዘንግ ሞርሳ ላይ አስረው በመዶሻ ቀስ እያሉ አጠፉት፤ ጫፉን በሞረድ አድበለበሉና ቀጭን የጎማ ቱቦ አለበሱት። በመንጠቆውና በሸራው መካከል አንድ ስንዝር ላስቲክ ገመድ ገባ፤ ሸራው ላላ ሲል መንጠቆው ከጎሬው እንዳይወጣ የሚስበው እሱ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ከስድስቱ የምኮራባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የተሠሩት በጋሼ እጅ ቢሆንም።

አንድ ስሕተት የኔ ነው፤ መናገር አለብኝ። ለበሩ ሁለት ሁለት መያዣ ይሻላል ብዬ አንዱን በማጠፊያው በኩል፣ ከፊት አስገባሁት። የመኪና በር ሲከፈት የፊት ጠርዙ ወደ ውጭ አይሄድም፤ ወደ ውስጥ ይገባል። በሩን ስከፍት የፕላስቲኩ ቁራጭ በበሩና በገላው መካከል ተጨፈለቀ፤ በሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ብረት ብትሆን ኖሮ ላሜራው ይገባ ነበር። ለስላሳ ስለነበረች ራሷ ተጣመመች፤ መኪናዋን ምንም አልነካት። ያችን የተጨፈለቀች ቁራጭ ጋሼ አልጣሏትም፤ በቆርቆሮ ሳጥናቸው ውስጥ ከናስ ቁልፎቹ ጋር ጨመሯት።

ሲባጎውስ? ጥብጣቡ ከሸራው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ሸራው በድርብ ተጠናክሯል፤ ጥብጣቡ ግን እዚያ ላይ በማሽኑ ወፍራም ክር አልተሰፋም። በተራ የልብስ ክር፣ በእጅ፣ ስድስት ስፌት ብቻ። እኔ ስድስት ትንሽ ነው አልኩ። ጋሼ እንለካው አሉ።

የለካነው በሻንጣ ሚዛን ነው። ውጭ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ቤት ሁሉ ያለችው፣ 23 ኪሎ እንዳያልፍ ከበረራ በፊት ሌሊት የምንታገልባት ያችው ሚዛን። ጥብጣቡን ከሞርሳው አሰርን፤ የሸራውን ቁራጭ በሚዛኑ መንጠቆ ይዘን ጎተትን። ስፌቱ 14 ኪሎ ላይ ተበጠሰ። ሦስት ጊዜ ደገምነው፤ ከ13 በታች አልወረደም፣ ከ15 በላይ አልወጣም። ከዚያ በወፍራሙ ክር ሰፍተን ሞከርነው፤ ሚዛኑ 40 ሲያልፍ የሸራው ክሮች መከፈት ጀመሩ፤ ስፌቱ ደህና ነበር።

ነፋሱንም በወረቀት አሰላሁት። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቢያርፍ የ12 ኪሎ ክብደት ያህል ይገፋል፤ 100 ሲሆን ወደ 47 ኪሎ። የኛ ሸራ ሁለት ካሬ ሜትር ያህል ነው። በ60 ኪሎ ሜትር ነፋስ ሙሉ በሙሉ ቢያዝ እንኳ ጠቅላላው 34 ኪሎ ገደማ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል ለያንዳንዱ ስድስት ኪሎ የማይሞላ። ነፋስ ግን እኩል አያካፍልም፤ መጀመሪያ አንዱን ማዕዘን ይይዛል። ስለዚህ 14 ኪሎ ለዘወትር ነፋስ በቂ፣ ለአውሎ ነፋስ ደግሞ ሸራው ከመቀደዱ በጣም ቀድሞ የሚለቅ ሆነ። ሸራው ለቆመች መኪና ብቻ ነው፤ አልብሼ አልነዳም፣ ማንም እንዲነዳ አልመክርም።

በኦገስት አንድ ሐሙስ ማታ ነጎድጓድ መጣ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ዛፍ ተገነደሰ፤ የኔ ሰፈር መብራት እስከ ንጋት ጠፋ። መኪናዋ ውጭ፣ ጣሪያዋ ታጥፎ፣ ሸራዋን ለብሳ ነበር። ሌሊቱን በመስኮት ሳያት ጥቁር እብጠት ሲነሣና ሲወድቅ ይታየኛል፤ ወርጄ ልይዘው አልችልም። ሲነጋ ባዶ እግሬን ወረድኩ።

በግራው በር በኩል ያለው ጥብጣብ ከሸራው ተለይቶ በበሩ ክፍተት ተንጠልጥሏል። አምስቱ እንደያዙ ናቸው። የሸራው ማዕዘን ወደ ውስጥ ታጥፎ ወንበሩ ላይ ወድቋል፤ መቀመጫው የእጅ መዳፍ ያህል ረጥቧል። ሸራው ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። በሩ ላይ አንድም ጭረት የለም፤ በጣቴ እየዳሰስኩ ሁለት ጊዜ ዞርኩት።

ቅዳሜ ወደ ጋሼ ወሰድኩት። የተበጠሰውን ክር በመርፌ ጫፍ እየለቀሙ አወጡት። «እንግዲህ ይሄን ጊዜ አሥራ ሁለት ስፌት ይሁን ጋሼ፤ እጥፍ እናድርገው» አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ያንኑ ተራ ክር አንሥተው በመርፌው ዓይን አሳለፉ። እኔ ቆጠርኩ። ስድስተኛው ላይ ቋጠሩና በጥርሳቸው በጠሱት።